በማር ማሰሮ የተቀመጠ ቤንዚን

በጀልባ የተሳፈርኩት በዕድሜዬ አንድ ቀን ብቻ ነው። ለደጋ ሰው እሱም በዛ ትሉ ይሆናል። ዛሬም ቢሆን አንድ አሮጌ መኪና ጋራዤ ደጃፍ ደርሶ ሁለት ሦስት ጊዜ ስሎ ሲጠፋ በሰማሁ ቁጥር ያ ቀን ከነሽታው ይመጣብኛል። ሽታው የጧፍ ነው። ከሞተር ጭስ ውስጥ የጧፍ ሽታ ያሸተተ ሌላ ሰው ጎጃም ውስጥ ካለ ይምጣና እንጨዋወት፤ ብቻዬን ይዤው መኖሩ ሰልችቶኛል።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ጎልማሳ ነበርኩ። አገሬ ደብረ ኤልያስ ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ እሳቸው ሲሞቱ ያሳደጉኝ በአሥራ አምስት ዓመት የሚበልጡኝ ወንድሜ ጋሼ አለልኝ ናቸው። ሚስታቸው እትዬ የሺ ሙሽራ ሆና ቤታችን ስትገባ እኔ ገና ድክ ድክ እል ነበርና በጀርባዋ አዝላ አሳደገችኝ። ስለዚህ እሳቸውን አንቱ፣ እሷን አንቺ እያልኩ አደግሁ። ጋሼ ራሳቸው እያረሱ እኔን ቁም ጽሕፈት አስተማሩኝ። ብራና መፋቅ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ የመጻፊያ መቃ መቅረጽ ቻልኩ። የእጅ ጽሑፌን አይተው ሲደሰቱ ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞሩ ነበር፤ ማመስገን የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ። ጣሊያን ሲገባ ለቤታችን የሚሆን ዳዊት ጀምሬ ግማሽ እንኳ አልደረስኩም።

ከዚያ ሁሉም ተበታተነ። መምህሬ ተሰደዱ፣ ብራና የሚያስጽፍ ሰው ጠፋ፣ ጋሼ ጠመንጃቸውን ይዘው በረሃ ገቡ። እኔ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ወርጄ የጣሊያኖቹ የመኪና መጠገኛ ውስጥ ተቀጠርኩ። መጀመሪያ ቅባት የጠጣ ብረት አጣቢ ነበርኩ። በኋላ ማይስትሮ የምንለው አንድ ሽማግሌ ጣሊያናዊ መካኒክ ጣቶቼ የማይንቀጠቀጡ መሆናቸውን አየና ካርቡራተር ማጽዳት አስተማረኝ። ቁጡ ነበር፤ ሲቆጣ ፒንሳ ይወረውራል። ትምህርቱ ግን አጭር ነበር። “ሞተር ሲታመም እሳት፣ ምግብና አየር ፈልግ። ከሦስቱ አንዱ ጎድሎበታል” ይለኝ ነበር።

እውነቱን ልናገር። አፍር ነበር፤ ሞተር ግን ወደድኩ። ሁለቱም በአንድ ላይ ነበሩብኝ።

ጋሼ ይህን በሰሙ ጊዜ ሰው ልከው የቀለም ቀንዴንና መቃዎቼን ከቤት አስወሰዱ። መልእክታቸው “የጣሊያን ብረት ያጠበ እጅ ዳዊት አይጽፍም በሉት” የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ቃል አልላኩብኝም።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ክረምት፣ በሐምሌ፣ አንዲት እንቁላል ሻጭ ከመጠገኛው በር ላይ ቆማ ስሜን እየጠራች ነው አሉኝ። ወጣሁ። እትዬ የሺ ነበረች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፤ መሶቧ ውስጥ ያሉት እንቁላሎች ከስድስት አይበልጡም።

“እንቁላሉን እያየህ አናግረኝ” አለችኝ ቀስ ብላ። “ጋሼህ ተመቱ።”

“የት ላይ?”

“ጭናቸውን። ጥይቱ ሥጋቸው ውስጥ ነው። ስምንት ቀኑ። እግራቸው እየጠቆረ ነው፣ አንተነህ።”

“ወጌሻውስ?”

“የኛውን ባለፈው ወር ጣሊያኖቹ ወሰዱት። አሁን ጥይት የሚያወጣ ኦቦ ጉተማ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከዓባይ ማዶ፣ ወለጋ ነው። ወንዙ ሞልቷል። በበጋ እንደምናደርገው ስልቻ ነፍቶ የሚዋኝ ሰው እንኳ አይገባበትም።” እንቁላል አንስታ ሰጠችኝ። “ባለፈው በጋ ከወንዙ ዳር ከጣሊያኖቹ የማረክናት ጀልባ አለች። ሞተር አላት። የሚያስነሳት ሰው ግን የለም።”

ያ እንቁላል እጄ ላይ ሆኖ፣ ለመስማት የምፈልገውን ጠየቅሁ። “ጋሼ ናቸው የላኩሽ?”

“አልላኩኝም። ቢያውቁም አይፈቅዱ። እኔው ነኝ የመጣሁ።”

ተመልሼ ገባሁና አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳና ሁለት ካንዴላ ከሸማዬ ሥር ሸሸግሁ። ማይስትሮ አንድ ሞተር ላይ ጎንበስ ብሎ ያፏጭ ነበር። ተመልሼ እንደማልመጣ አውቄያለሁ፤ ቻው እንኳ አላልኩትም። ክፉ ዘመን ነበር፤ እሱ ግን ለእኔ ክፉ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ከእትዬ የሺ ጋር ወደ ዓባይ ቆላ ወረድን። ደጋው በጉም ተሸፍኖ ሳለ ታች ሙቀቱ ያፍናል። ወንዙ ገና ሳይታይ ድምፁ ይሰማል። ስናየው እንደ ተቦካ ጭቃ ቡኒ ሆኖ ግንድ ከነሥሩ ነቅሎ ይዞ ይሄዳል።

ጋሼ ከወንዙ ዳር ባለች ዋሻ አፍ ላይ፣ ቃሬዛ ላይ ተኝተዋል። ከስተው፣ ጢማቸው ሸብቶ፣ ከንፈራቸው በትኩሳት ተሰነጣጥቋል። ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈና ቆየ።

“ማን አመጣው?”

“እኔ” አለች እትዬ የሺ።

“ከዚህ ልጅ እጅ መዳን አልሻም” አሉና ፊታቸውን ወደ አለቱ አዞሩ።

የቡድኑ አለቃ ባላምባራስ ይግዛው የሚባሉ፣ ድምፃቸው የሻከረ ሰው ነበሩ። ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ። “እሱ የሚለውን ተወው፤ ትኩሳት ነው። እግሩን ግን አይተኸዋል። ዛሬ ካልተሻገረ ነገ መሻገሩ አይጠቅመውም።” ጠመንጃቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ። “ጣሊያን ልኮህ ከሆነ ደግሞ አንተም ደጋውን አታየውም።”

ጀልባዋ በሸምበቆ ተሸፍና ተቀምጣለች። ሞተሩ ከኋላዋ የሚንጠለጠል፣ ቀለሙ የተላጠ አሮጌ ሞተር ነው። የሚነሣው አናቱ ላይ በተጠመጠመ ገመድ ተስቦ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ማይስትሮ ጋ አንድ ጊዜ ብቻ ፈትቼ አይቻለሁ። ቤንዚኑ ከዘይት ጋር የተደባለቀ ሆኖ ከነጣሳው ነበር የተማረከው። አሁን ግን በሦስት የማር ማሰሮዎች ውስጥ ነው።

“ጣሳውስ?” አልኳት እትዬ የሺን።

“ቀበርነው። ጣሳ ይዘህ መንገድ ላይ ብትያዝ ቤትህም አንተም ትቃጠላላችሁ። ማሰሮ የጫነ አህያ ግን ገበያተኛ ነው።”

ብልሃቷ ደስ አለኝ። ከማሰሮው ቀድቼ ታንኩን ሞላሁና ገመዱን ሳብኩ። ምንም የለም። አሥር ጊዜ ሳብኩ። ካንዴላውን ፈታሁ፤ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክቼ ገመዱን ስስበው ሰማያዊ እሳት ጣ! አለ። አርበኞቹ ወደኋላ ዘለው አማተቡ። እሳት አለ። ካንዴላው ግን ደረቅ ነው፤ ምግብ አልደረሰውም ማለት ነው። ቱቦውን ነቅዬ አየሁ፣ ቤንዚኑ ይወርዳል። እንግዲህ ችግሩ ካርቡራተሩ ነው።

ካርቡራተር ቤንዚን የሚጠራቀምባት አንዲት ትንሽ ጽዋ አለችው። ከጽዋዋ ወደ ሞተሩ የሚያሳልፈው ቀዳዳ ጂግለር ይባላል፤ ከመርፌ ቀዳዳ የጠበበ ነው። ፈትቼ ወደ ብርሃን ሳዞረው ተደፍኗል። ከባላምባራስ በቅሎ ጭራ አንድ ፀጉር ነቅዬ አሳለፍኩበት፤ ቢጫ ነገር ወጣ። አፈር መሰለኝ። ጠራርጌ ገጠምኩት። በሁለተኛው ስበት ሞተሩ ተነሣ!

የሰዉን ደስታ ብታዩት! አንዱ እልል ሊል ሲል ሌላው አፉን ያዘው። እትዬ የሺ መሬቱን ሳመች። “ቃሬዛውን አምጡት!” አሉ ባላምባራስ። አራት ሰዎች ጋሼን አንስተው ውኃው ዳር ሳይደርሱ ሞተሩ ሳለ፣ ሳለ፣ ጠፋ። አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ሳልጨርስ ነው የጠፋው።

ጂግለሩ እንደገና ተደፍኗል። እንደገና ጠረግሁት። ተነሣ፤ ጠፋ። ሦስተኛም እንደዚያው። ቃሬዛውን የያዙት ሰዎች ሦስቴ አንስተው ሦስቴ አስቀመጡት፤ በተቀመጠ ቁጥር ጋሼ ጥርሳቸውን ያፋጩ ነበር። አንድም ጊዜ አልጮሁም። ቢጮሁ በወደድኩ።

ባላምባራስ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። “እዚህ ስትነካካው ይነሣል። ሰውየውን ልንጭን ስንል ይጠፋል። ይህን እንዴት ልረዳው?”

“እኔም አልገባኝም፣ ባላምባራስ።”

“ሞተሩን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። ብታጠፋውም የምናውቅብህ የለን።”

እውነታቸውን ነበር። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እንደዚያው አስብ ነበር። ላቤን ልጠርግ ቀና ስል ያ ሽታ መጣብኝ። ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት የተፋው ጭስ ገና በአየሩ ላይ ነበር፤ የጧፍ ሽታ። የአባቴ ፍትሐት ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሜ ያሸተትኩት ያ ሽታ ነው። ለጋሼ መጣላቸው ብዬ አመንኩ። ደብረ ኤልያስ ያደገ ሰው ሞተር ቢፈታም እንደዚህ ነው የሚያስበው።

ካቻቢቴውን ጥዬ አለት ላይ ተቀመጥኩ። ጉሙ ተገፎ ፀሐይ በቀጥታ ሞተሩ ላይ ወረደች። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ እትዬ የሺ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች።

“ደከመህ?”

“አቃተኝ፣ እትዬ።”

“ትንሽ ሳለህ ደብተርህን ጥለህ እንደዚሁ ቁጭ ትል ነበር። ከዚያ ተነሥተህ ትጽፋለህ።”

ተነሣሁ። ተስፋ ኖሮኝ ሳይሆን እሷ ስላየችኝ ነው። ምንም ሳልጠርግ፣ ዝም ብዬ ገመዱን ሳብኩት። ሞተሩ ወዲያው ተነሣ! ከዚያ እንደ ልማዱ ጠፋ።

አሁን ነገሩ ይበልጥ ግራ አጋባኝ። ሳልነካው እንዴት ተከፈተ? እጄን ካርቡራተሩ ላይ አሳረፍኩና አነሣሁት። በረዶ ነው! በዚያ ሰው በሚያቀልጥ ቆላ ብረቱ ቀዝቅዞ ውኃ አስቀምጧል። ማይስትሮ ነግሮኝ ነበር፤ ቤንዚን በጠባቡ ቀዳዳ ሲሮጥና ሲተን ብረቱን ያቀዘቅዘዋል። ሲሠራ ይቀዘቅዛል፣ ሲጠፋ ፀሐይ ታሞቀዋለች፣ ሲሞቅ ይከፈታል።

ያን ጊዜ ደብረ ኤልያስ ትዝ አለኝ። በኅዳር ጠዋት፣ ውርጭ ሲወርድ፣ ቀለም ቀንዱ ውስጥ ይወፍራል፤ መቃው አልጽፍ ይላል። ቀንዱን ብብታችን ሥር ከትተን ዳዊት እንደግማለን። ሲሞቅ ቀለሙ እንደገና ይፈሳል። ቤንዚን ግን እንደ ቀለም አይወፍርም። ውስጡ ሌላ ነገር ከሌለ በቀር።

ጂግለሩን ፈትቼ ያን ቢጫ ነገር በጣቶቼ መሐል አሸሁት። አፈር ይፈረፈራል። ይህ ግን ለሰለሰ፣ ተጣበቀ። አሸተትኩት።

“እትዬ፣” አልኳት ቀስ ብዬ፣ “ማሰሮዎቹን ውስጣቸውን ምን ቀባችኋቸው?”

ፊቷ ተለወጠ። ገና ሳልነግራት ገባት። የማር አገር ሰዎች ነን፤ ማሰሮ ላብ እንዳይወጣው ውስጡን በቀለጠ ሰም መቀባት ከእናቶቻችን ያየነው ነው። ማርን አያሳልፍም፣ ጠጅን አያሳልፍም። ቤንዚን ሰምን እንደሚያሟሟ ከእኛ ማን ያውቃል?

“ሰም ነው” አለች። ወደ ቃሬዛው አየት አድርጋ ዓይኗን መለሰች። “የኔ እጅ ነው። ማንም አላዘዘኝ፤ ከራሴ ነው የቀባሁት። ወይኔ የሺ! በገዛ እጄ ልገድላቸው ነው።”

ጋሼ ቃሬዛው ላይ ዓይናቸውን ከድነው ነበር።

“ምን አገኘህ?” አሉ ባላምባራስ ከኋላዬ።

መናገር እችል ነበር። አንድ ቃል ብናገር ከጥርጣሬው ነፃ እወጣ ነበር። እትዬ የሺ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁሉም አፍ ባሏን ሊያስገድል የነበረ ሰም የቀባች ሴት ሆና ትቀር ነበር። በጀርባዋ ያዘለችኝ ሴት ናት።

“የጣሊያን ቆሻሻ ነው” አልኩ። “ከጣሳው ጋር የመጣ ዝቃጭ።”

“የጣሊያን ነገር!” አሉ ባላምባራስ። ሁሉም ጣሊያንን ረገሙ። ያኔ በጣሊያን ማሳበብ ቀላል ነበር፤ ማንም ማስረጃ አይጠይቅም።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ግልጽ ሆነ። ከገደሉ ሥር ቀዝቃዛ ምንጭ ይፈልቃል፤ ማሰሮዎቹን አንገታቸው ድረስ ምንጩ ውስጥ ነከርናቸው። ቤንዚኑ ሲቀዘቅዝ ሰሙ እንደ እርጎ ቅባት ይለይ ጀመር። እትዬ የሺ ነጠላዋን አራት አጥፋ ወጠረችልኝና ቀስ ብዬ አጠለልኩት። ጨርቁ ላይ የቀረውን ሰም ማንም ሳያይ ጠቅልላ ወንዙ ውስጥ ወረወረችው። ሰሙ ሁሉ እንዳልወጣ አውቃለሁ፤ የሟሟ ነገር ሁሉ አይጠለልም። ስለዚህ ካርቡራተሩ እንዳይቀዘቅዝ ማድረግ ነበረብኝ።

“ውኃ ይፈላልኝ” አልኩ። “ግን ከዚህ ርቆ፣ ከገደሉ ላይ! እሳት ወደዚህ ያመጣ ሰው ሁላችንንም ነው የሚያነደን!”

ባላምባራስን እንደማዝዝ ያወቅሁት ሮጠው ሲሄዱ ነው።

አራት ሆነን ተሳፈርን። ጋሼ ጀልባዋ ወለል ላይ፣ ጭንቅላታቸው ወደ ሞተሩ፤ እትዬ የሺ የፈላ ውኃ ማሰሮ በጭኖቿ መሐል ይዛ፤ ባላምባራስ ከፊት ግንድ ሊገፉበት ረጅም እንጨት ይዘው። ገመዱን ሳብኩ፤ ተነሣ። እትዬ ጨርቅ ፈላው ውስጥ ነክራ፣ ጨምቃ ትሰጠኛለች፤ ካርቡራተሩ ላይ እጠመጥመዋለሁ፤ ሲበርድ እመልስላታለሁ። እጆቿ ተላጡ፤ አንድ ጊዜም አላቃሰተችም።

ወንዙ ከውጭ ሲያዩትና ከላዩ ሲሆኑ አንድ አይደለም። ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጋ ትታገላለች፤ ግን እኛ ወደ ታች ስንንሸራተት የወንዙ ዳርቻ ወደ ላይ ይሸሸናል። ከታች፣ ወንዙ በሚጠመዘዝበት ላይ፣ ነጭ አረፋ የሚያስነሣ አለት አለ። ሞተሩ ከጠፋ የምንሄደው ወደዚያ ነው። ሁላችንም ዓይናችን እዚያ ነበር።

ግማሽ ስንደርስ አንድ ግንድ ጎናችንን መታን። ባላምባራስ ገፉት፤ ጀልባዋ ግን ተንገዳግዳ የውኃው ማሰሮ ተገለበጠ። ፈላው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። እትዬ የሺ በባዶ እጇ ማሰሮውን ይዛ አየችኝ። ሞተሩ ሳለ።

“አንተነህ” የሚል ድምፅ ከሥሬ መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስሜን ሲጠራ ያልሰማሁት የጋሼ ድምፅ ነው። “የቱ ነው የሚበርደው?”

“ይኼ፣ ጋሼ። ይኼ ክቡ ብረት።”

ጋሼ በክርናቸው ተደግፈው ተነሡ። የተመታ ጭናቸው ሲንቀሳቀስ ፊታቸው አመድ ሆነ። ሁለቱን እጆቻቸውን ዘርግተው ካርቡራተሩን እንደ ጽዋ አቀፉት። በትኩሳት የነደዱ እጆች ናቸው፤ ሲነኩኝ ፍም መሰሉኝ። ያን የጣሊያን ብረት ጨምቀው ይዘው፣ ግንባራቸውን ክንዴ ላይ አሳርፈው ቆዩ። ሞተሩ ሳለ፤ ደግሞ ሳለ፤ ከዚያ ድምፁ ተስተካከለ።

የጋራዥ ልጆቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። “አባባ፣ የሰው እጅ ካርቡራተር ያሞቃል?” ይሉኛል። እኔ ምን አውቃለሁ! የእጃቸው ሙቀት ይሁን፣ የእትዬ የሺ ጸሎት፣ ወይም ጠልሎ የጠራው ቤንዚን፤ ከወንዙ ማዶ አሸዋው ላይ ስንወጣ ሞተሩ ይሠራ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ኦቦ ጉተማ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ጥይቱን አወጣው። ጋሼ እንጨት ነክሰው ተቋቋሙት። ሲጨርስ ደመናውን አይተው ወደ እኔ ዞሩና “ሞተሩን ከዝናብ አንሣው” አሉኝ። ይቅርታም ምስጋናም ከዚያ የበለጠ አልመጣም። እኔ ግን ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ።

ጀልባዋን በዚያው ሳምንት ጎርፍ ወሰዳት። እኛም ወንዙ እስኪጎድል ማዶ ከረምን። ጣሊያን ሲወጣ ደብረ ማርቆስ የራሴን መጠገኛ ከፈትኩ። ጋሼ እያነከሱ ወደ እርሻቸው ተመለሱ። ሰላም እንባባላለን፣ በዓል አብረን እንውላለን፣ ያን ቀን ግን አንስተነው አናውቅም። እትዬ የሺ በየዓመቱ ማር ታመጣልኝ ነበር። ስትሰጠኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “ሰም የለበትም፤ አጥልዬዋለሁ” ትለኝና እንስቃለን። የሁለታችን ምስጢር ነበር። ያን ሳቅ ዛሬ ባገኘው የማልሰጠው ነገር የለኝም።

እሷ ቀድማን ሞተች። ከአርባዋ በኋላ ጋሼ ብቻቸውን ጋራዤ መጡ። ዓይናቸው በጣም ደክሞ ነበር፤ በከዘራ እየዳበሱ ነው የገቡት። ከሸማቸው ሥር የተጠቀለለ ነገር አወጡና ጭኔ ላይ አስቀመጡት። የቀለም ቀንዴና መቃዎቼ ነበሩ። ዘመን አልፎባቸው እንኳ ቅባት ተቀብተው፣ ተጠብቀው ኖረዋል።

“ማሰሮውን ሰም ቀቢው ያልኋት እኔ ነኝ” አሉ።

ቀንዱን ከጭኔ ላይ አነሣሁ።

“እሷ ‘መጀመሪያ በቅል ጥቂት እንሞክረው፣ ይህ ነገር ጠረኑ አላማረኝ’ ብላኝ ነበር። ማሰሮ መያዝ ካንቺ ነው የምማር ብዬ ተቆጣኋት።”

“ያን ቀን ስትናገር ሰምተው ነበር?”

“አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። ማንም አላዘዘኝ አለች። አንተም ዝቃጭ ነው አልህ። ሁለታችሁም ለኔ ስትሉ ዋሻችሁ፤ እኔ ዓይኔን ከድኜ ተኛሁ። ሰዎቼ ፊት፣ አንተ ፊት፣ ‘እኔ ነኝ’ ማለት ሞት መሰለኝ።”

“ታዲያ ለምን እጅዎን ሞተሩ ላይ…?”

“አፌ አልታዘዝ አለኛ! ሌላ ምን ነበረኝ?” ከዘራቸውን መሬት ላይ ቆረቆሩ። “በኋላም እነግራታለሁ እያልሁ ይኸው ሄደች። ታውቅ ነበር፤ ማወቋንም አውቅ ነበር። ግን ከአፌ አልሰማችውም።”

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ከካርቡራተር ሌላ የማውቀው ብዙ ነገር የለም፤ ምክር መስጠትም አይሆንልኝም። ያ ቀን ሕይወቴን ለወጠው ስል የኖርኩት ሞተሩ ስለተነሣልኝ ነበር። ከጣሊያኑ መጠገኛ አውጥቶኛል፣ ወንድሜን መልሶልኛል፣ እጄን እንዳልንቀው አድርጎኛል። ጋሼ ያን ከሰዓት በኋላ ካነጋገሩኝ ወዲህ ግን ይበልጥ የማስበው እነዚያን የማር ቀናት ነው። እኔስ “እትዬ፣ ያን ቀን እኮ አንቺ ነሽ ያዳንሻቸው” ብያት አውቃለሁ? አላውቅም። ስቄ ማሩን እቀበላለሁ። እናንተ የምትነግሩት ሰው በሕይወት ካለ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡትና ሂዱ፤ ተመልሳችሁ ታነቡታላችሁ።

ጋሼ የመጡት የጀመርኩትን ዳዊት ለእሷ መታሰቢያ እንድጨርሰው ነበር። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። እጄ በዘይት ጠቁሮ፣ ጣቶቼ ወፍረው፣ መቃው እንደ ድሮው አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። መጨረሻው ላይ እንደ ደንቡ የአስጻፊዎቹ ስም ይገባል።

“የሷን በቀይ ጻፈው” አሉኝ። “የቅዱሳን ስም በሚጻፍበት።”

“የእርስዎንስ?”

“በጥቁር። እኔ ቀይ አይገባኝም።”

ቀዩን ቀለም በጥብጬ የእሷን ስም ጻፍኩ። ከዚያ መቃውን ሳልቀይር፣ እዚያው ቀይ ውስጥ ነክሬ፣ አጠገቧ የእሳቸውን ጻፍኩ። ጋሼ ጎንበስ ብለው የማያይ ዓይናቸውን ብራናው ላይ ተከሉ።

“በጥቁር ነው የጻፍኸው?”

“አዎ ጋሼ” አልኳቸው፣ “በጥቁር ነው።”